የጀሶ አንጎልና የአባቴ ሜትር

የቀኝ እጄ አንጓ የተሰበረው ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው። የደሴን ዳገትና ቁልቁለት ከልጅነቴ ጀምሮ ወጥቼ ወርጄበታለሁ፤ በዝናብም ሆነ በጉም አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ፀሐይ ፍንትው ባለበት ጠዋት፣ ከገዛ ደጄ ላይ ባጃጅ ላቆም እጄን ስዘረጋ ተንሸራተትኩና አረፍኩት። ጎረቤቶቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁበት ሐኪም ቤት ነው፤ አንድ የሚያውቀኝ ሰው ግን አላገኘሁም፤ ሁሉም ልጆች ሆነዋል። ጀሶ የሚያስረው ልጅ ጀሶ የተነሰነሰበትን ጥቅል ሻሽ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ጨመቅ አደረገና እጄ ላይ ይጠቀልለው ጀመር። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። እርጥብ ጀሶና አዲስ ሻሽ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ዝናብ የመታው የኖራ ግድግዳ ይሸታሉ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ደንግጦ፣ አመመዎት እንዴ እማማ አለኝ። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። አላመመኝም፣ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው አልኩት። አሮጊቷ ቀባጠረች ብሎ ነው መሰለኝ ሥራውን ቀጠለ።

አባቴ እንድሪስ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ማዕዘን ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ዛሬ እዚያ ቦታ የሞባይል ቀፎ ይሸጣል፤ ከላዩም ፎቅ ተነስቶበታል። ያን ጊዜ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ቆርቆሮ ነበር፤ መደርደሪያው እስከ ኮርኒሱ ይደርሳል። አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ካኪ፣ ለሙሽራ ከፋይ፣ ለራስ ሻሽ። ደህና አቡጀዲ ሜትሩ ሁለት ብር አይሞላም ነበር፤ በኋላ ነገሩ ሁሉ በኮታና በሰልፍ ሲሆን ዋጋውም ይሉኝታውን ጣለ። ባንኮኒው ጠርዝ ላይ የብረት ሜትር ተመትቶበታል፤ አባቴ አንገት ላይ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ይንጠለጠላል። ለሶላት ሲነሳ እንኳ ማውረዱን ይረሳውና እናቴ ከኋላው ትጠራው ነበር። ጨርቅ ሲያጥፍ ላየው ሰው ጉድ ነው። ሃያ ሜትር አቡጀዲ በአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ያለ ጭንቅ ይገጥመዋል። እናቴ፣ ይኸ ሰው አንድ ቀን እኔንም አጥፎ ሳጥን ይከተኛል ትል ነበር። ሌላም ልማድ ነበረው። ሰው ጨርቅ መርጦ አስቀምጥልኝ ብሎት ከሄደ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ በዐጀም፣ ማለት አማርኛውን በዐረብ ፊደል፣ የባለቤቱን ስም ይጽፍና ከሥሩ «አይሸጥም» ብሎ በስፒል ይወጋበታል። ከዚያ በኋላ እጥፍ ዋጋ ቢሰጡት ያ ጨርቅ ከቦታው አይነሳም። አንዲት የደሴ ዙሪያ ሴት ለልጇ ሰርግ ያስቀመጠችው ከፋይ ሁለት ክረምት መደርደሪያ ላይ ሲከርም በዓይኔ አይቻለሁ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን ንገሪን ብትሉኝ እሳሳታለሁ፤ የኮንጎ ጫማ ዋጋ ግን አልሳሳትም፤ የሴቱ ሦስት ብር ከሃምሳ ነበር፤ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በብርድ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል። ወንዶቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ የሱሪያቸው እግር የፒያሳን አቧራ እየጠረገ ያልፋሉ። እኛ ሴቶቹ የደንብ ልብሳችንን በከሰል ካውያ ቀጥ አድርገን፣ ጉርድ ቀሚሱን ከጉልበት በታች እናደርጋለን፤ ከጉልበት በላይ ካደረግን እናቶቻችን ወዮልሽ ይሉናል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይሸጣል፤ ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውልና አመሻሹ ላይ አንድ የአምባሰል ዜማ ያሰማል። ያን ጊዜ እናቴ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ትቆም ነበር፤ ምን ታደርጊያለሽ ሲሏት፣ ነፋስ እየተቀበልኩ ነው ትላለች። በየሳምንቱ ስብሰባ አለ። አባቴ ከኋላ ይቀመጣል፣ ጮክ ብሎ ያጨበጭባል፣ ምን ተባለ ሲሉት ሁሉም ደህና ነው ይላል። በዚህ ዘዴ ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳይነካው አለፈ።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ እናቴን አሟት ሐኪም ቤት ስትመረመር አብሬያት ሄጄ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ልጅ አንድ ዓይኗን ጨፍና በማይክሮስኮፕ የእናቴን ደም ስታይ አየኋት። ምን አየሽ ብላት፣ የእናትሽን ሕመም አየሁት፣ ትድናለች አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልተመኘሁም። ችግሩ ኮምቦልቻ ላይ ነበር። አባቴ ጨርቅ የሚያመጣበት አንድ ትልቅ ነጋዴ እዚያ ነበር፤ ለልጁ እኔን ጠይቋል። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ መልኩም ጠባዩም ደህና ነው፤ እኔ ግን በሕልሜ የማየው ማይክሮስኮፑን እንጂ እሱን አልነበረም። አባቴ አሥራ ሁለትን ትጨርስና እንነጋገራለን ብሎ አቆይቷቸዋል። እንግዲህ በእኔና በኮምቦልቻው ቤት መካከል የቆመው ትምህርቴ ብቻ ነበር። ትምህርቱ ከተቋረጠ እኔም ተቋረጥኩ።

በትምህርት ቤታችን ኮሪደር አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ከወዲያ ጫፍ የጎበጠ ዝንጀሮ፣ ከወዲህ ጫፍ መዶሻ የያዘ ሰው፣ በመካከሉ ቀስ በቀስ እየተቃኑ የሚመጡ። በፖለቲካ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩናል፤ ለፈተና እንይዘዋለን እንጂ ወደ ቤት ይዘነው አንሄድም። የባዮሎጂ መምህራችን መምህር ጥላሁን ግን ሥዕሉን አይወዱትም ነበር። ከጎጃም የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ይኸ ሥዕል የሚያሳያችሁ ወገብ ነው፣ ዋናው ነገር ያለው ግን ራስ ቅል ውስጥ ነው አሉንና በማግስቱ የበግ ናላ ይዘው መጡ። አንዱን ከእስላም ሥጋ ቤት፣ አንዱን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ገዝተው፣ ማንም መንካት ቅር እንዳይለው በሁለት ጠረጴዛ ለይተው አስቀመጡልን። እኛም በየጠረጴዛችን ከበብን። ላዩ እጥፍጥፍ ያለ ነው፤ በእጥፋቶቹ መካከል ትናንሽ ቦይ አለ። የእናንተኛው እንዴት ነው እየተባባልን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተጠያየቅን፤ አንድ ነው። የበግ እጥፋት ጥቂት ነው፣ የሰው ብዙ ነው፣ ለሰው የሚቀርበው የቺምፓንዚ ነው አሉ። ቺምፓንዚ ማለት በእኛ ገደል ያለው ባለ ጭራው ዝንጀሮ አይደለም፣ ጭራ የሌለው ነው ብለው አስረዱን፤ እኛ ግን ያው ዝንጀሮ ማለታችንን አልተውንም። የሁለቱን አንጎል ለማነጻጸር ያላቸው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ የሰውና የቺምፓንዚ አንጎል ጎን ለጎን ተስሏል። ይህን በጀሶ ሠርቶ የሚያመጣልኝ ማን ነው ሲሉ እጄን አወጣሁ። አጎቴ ጀሶ ሠሪ ነዋ!

አጎቴ ሙሄ የእናቴ ወንድም ነው፤ ኮምቦልቻ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ላይ ግድግዳ ይለስን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉን በፕላስቲክ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እንደ ልማዱ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙም አይሰፋም ነበር፤ ፓፓያውን በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝቼ ለአጎቴ ይዤለት ሄድኩ። ጀሶውን ወፈር አድርጎ አቦካ፤ ሁለት ድብልብል ሠራ፤ ሳይደርቅ በሚስማርና በማንኪያ እጀታ እጥፋቱን እየተቀባበልን ቀረጽነው። መምህሩ ሥዕሉን እንዳለ ተከተሉ ብለውኛልና በጣቴ ለካሁት፤ መጽሐፉ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ እኛም እኩል አድርገን ሠራናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ጭብጥ የሚያህሉ። አጎቴ የሰውየውን ሲቀርጽ፣ የእኔም እንዲህ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ቀጣሪዎቼ ናላዬን የሚያዞሩት ለካ በዚህ መንገድ ነው አለና ሳቅን። ሲደርቁ ከሥራቸው በከሰል አንዱ ላይ የሰው፣ አንዱ ላይ የዝንጀሮ ብዬ ጻፍኩ። እንዳይጫሩ ከአባቴ ሱቅ ሳላስፈቅድ ባመጣሁት ሻሽ ጠቀለልኳቸውና ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። እኔ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ሻሹ ከሰሉን እየጠረገ እንደሚሄድ አላሰብኩም።

ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ የትምህርት ቤታችንን ሥዕል ያወራ ነበር፤ ልጆቻችንን የዝንጀሮ ዘር ናችሁ አሏቸው እየተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አባቴ የሰማው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የሰማውም በዚያው ዓርብ፣ ከመስጊድ ሲወጣ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ካስወጣ ጎረቤታችን ነው። በቅዳሜው አመሻሽ እኔ ካርቶኔን አቅፌ ስገባ አባቴ ተቀብሎ ከፈተው። የሱቁን ሻሽ አወቀውና ሊያጥፈው ፈታው። ሁለቱ ጀሶዎች ወጡ። ምንድን ናቸው ሲለኝ፣ አንጎል ናቸው፣ አንዱ የሰው፣ አንዱ የዝንጀሮ አልኩት።

«የትኛው ነው የሰው?»

ገለበጥኳቸው። ከሰሉ የለም። የሰውየው ጥቃቅን እጥፋት እንዲበዛ አድርገን ነበር፤ ግን በአንድ ቀን የተሠራ፣ በአንድ ሚስማር የተቀረጸ፣ መጠኑ እኩል። ይኸኛው አልኩና መልሼ፣ አይደለም ያኛው አልኩ። አባቴ ሁለቱን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጣቸው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ትምህርት ቤት ስትገቢ ሰውን ከዝንጀሮ ትለዪ ነበር። አሥር ዓመት ተምረሽ መለየት አቃተሽ። ይበቃል።»

ከሰኞ ጀምሮ ሱቅ እንድቀመጥ ነገረኝ። ለኮምቦልቻውም ነጋዴ የፊታችን እሑድ ሳምንት ይምጣ ብሎ ላከ። እናቴ ልትናገር ሞከረች፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አላት። ይህን ተረት ሲተርት የወለዳት ከፊቱ ቆማለች።

ሰኞም ማክሰኞም ሱቅ ተቀመጥኩ። ለደንበኛ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ሰው ሲጠፋ ከፖፕሊኑ ጥቅል ኋላ ገብቼ አለቅሳለሁ። የተናደድኩት በአባቴ አልነበረም፤ በራሴ ነው። በገዛ እጄ የሠራሁትን መለየት ካቃተኝ እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ። የክፍል ጓደኞቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሱቁ በር ያልፋሉ፤ አንዷ ቆም ብላ ልታናግረኝ ስትል፣ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እስከ ዛሬ ያ ያሳፍረኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህር ጥላሁን መጡ። በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ይዞ ነው የሚመጣው። እሳቸው ግን አገራቸው ስላልሆነ ሽማግሌ አልነበራቸውም፤ መጽሐፉን ይዘው መጡ። ባዶ እጅ መግባት ከብዷቸው ነው መሰለኝ መጀመሪያ ሁለት ሜትር ሻሽ ገዙ። እኔ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ከዚያ አባቴን፣ ስለ ልጅቱ ነው የመጣሁት አሉት። አባቴም እንግዳ ነውና መርሐባ ብሎ ወንበር ሰጠ፣ ከማዕዘኑ ሻይ አስመጣ። መምህሩ ስለ እጥፋቱ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ትምህርቱ ሲያስረዱ አባቴ ጣልቃ አልገባም። ሲጨርሱ መጽሐፉን ያሳዩኝ አላቸው። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም፤ ቁጥር ግን የትም አገር ቢጻፍ ያነባል። ሥዕሉን አይቶ ቶሎ ተወውና ከሥሩ ያለች አንዲት አጭር መስመር ላይ ጣቱን አስቀመጠ።

«መምህር፣ ይቺ መስመር ምንድን ናት?»

መምህሩ መለኪያ ናት አሉት፤ ይቺን የምታህለው በእውነተኛው አንጎል ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በሰውየው ሥዕል ሥር ያለችውን ለካ። ከዚያ በዝንጀሮው ሥር ያለችውን ለካ። ደግሞ መለሰና ሁለቱንም እንደገና ለካ።

«ሁለቱም አምስት ነን ነው የሚሉት። ይኸ የዝንጀሮው ግን ይረዝማል። ትንሹን አተልቀው ነው የሳሉት። እናንተ አንዱን ልብስ በአንድ ሜትር፣ ሌላውን በሌላ ሜትር ቆርጣችሁ እኩል መጡ አላችሁ።»

መምህር ጥላሁን ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ፊታቸው ቀላ። ያን ጊዜ ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው ከስብሰባ መካከል ተነስቶ ያላጠፋውን አጥፍቻለሁ ይላል፤ የሚለው ግን ፈርቶ ነው። ሳይፈራ ያጠፋውን የሚያምን ሰው እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር።

«ተሳስቻለሁ ጋሽ እንድሪስ። ይህን መጽሐፍ ስንት ዓመት ሳስተምርበት ጽሑፉን አነብ ነበር እንጂ መስመሯን አላየኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የልጅቱ አይደለም።»

አባቴ መጽሐፉን ከደነው። የመምህሩን ብርጭቆ ወደ እሳቸው አስጠጋና ሻይዎን ይጠጡ፣ ይቀዘቅዛል አላቸው። ሲወጡ፣ ዝንጀሮውን በልኩ አሠርተው ያምጡልኝ አለ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም ከመጠየቅ ሞት ይሻለኝ ነበር። ያን ሌሊት ዓይኔ እንዳፈጠጠ ነጋ።

አጎቴ ሙሄ አዲሱን ጀሶ ቅዳሜ ዕለት ከኮምቦልቻ ይዞት መጣ። መምህሩም ደረሱ። የዝንጀሮው አሁን ከሰውየው አጠገብ ሲቀመጥ ሲሦውን እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። እኔ አሁን ይበቃዋል ብዬ አስቤ ነበር። አባቴ ግን ነጋዴ ነው፣ ግዝፈቱን አይቶ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም። ጨርቁን ልይ አለ። የቱን ጨርቅ ስንለው፣ ይኸ ታጥፎ የገባው ስንት ነው አለን። መምህሩ የገዙትን ሻሽ አስመጣ። በውሃ አረሰረሰው፣ በጀሶው ላይ አለበሰውና በአውራ ጣቱ ጥፍር በየቦዩ እያስገባ፣ ከእጥፋት እጥፋት እያወጣ፣ የተረፈውን በመቀስ እየከረከመ ሄደ። ሦስታችን ቆመን እናያለን። ደንበኛ ሲገባ አጎቴ ነው የሚያስተናግደው፤ አንዲት ሴት ለልጇ ካኪ ልትገዛ ገብታ፣ እንድሪስ ምን እየገነዘ ነው ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሻሾቹን ገፈፈና ከብረቱ ሜትር አጠገብ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው። የዝንጀሮው አንድ መሐረብ ያህል ወጣው። የሰውየው አራት መሐረብ ቢሆን ነው። የእኛ ቦይ ጥልቀት እንደሌለው፣ በእውነተኛው የሰው አንጎል ላይ ከላይ የሚታየው ሲሦው ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው ቦዩ ውስጥ እንደተደበቀ መምህሩ ነገሩት። አባቴ አልገረመውም። በመስኮት የሚታየው ዕቃ ከሱቁ ሲሦ አይሆንም አለ።

ለምን ታጠፈ ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ሳይጠብቅ ራሱ፣ ሳጥኑ አይሰፋማ አለ። መምህሩ አዎን፣ ራስ ቅሉ ከዚያ በላይ ቢተልቅ እናት እንዴት ትወልደዋለች አሉ። አባቴ ሁለቱን ጀሶዎች ጎን ለጎን አድርጎ እንደገና አያቸው። ከጎን በኩል ያለውን ትልቁን ቦይ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውንም፣ በሁለቱም ላይ በጣቱ ተከተለ። ትልልቆቹ እጥፎች ቦታቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ትንንሾቹ ላይ ነው፤ በሰውየው ላይ በዝተው፣ ወዲያና ወዲህ ሄደው፣ ግራው ከቀኙ እንኳ እኩል አይደለም። ሱብሃነላህ አለ፤ የቆረጠው አንድ ነው። መምህር ጥላሁን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ሻያቸውን ጠጡ። አባቴም አይቷቸዋል።

«ስለ ዘሩ ከእርስዎ ጋር አልስማማም፣ መምህር። ስለ ልኩ ግን ተስማምተናል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሰጠኝ። ሰኞ ሂጂ፣ የተሳሳታችሁትን ለክፍሉ በዚህ ለክተሽ አሳዪያቸው፣ ስትመለሺ ሜትሬን አምጪ፣ ሥራ አለኝ አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ ጠርታ ወሰደችኝና አብሽሪ፣ አይዞሽ እያለች ፊቴን አጠበችው።

ሰኞ ዕለት በመምህሩ ፊት፣ በስልሳ ልጅ ፊት ሜትር ይዤ ቆሜ፣ ሁለቱን መስመሮች ለካሁ። የኮምቦልቻው ነገር ግን እንዲህ አልቀለለም። አባቴ የላከውን ቃል ለመመለስ ሰው አልላከም፤ ራሱ ሄደ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልነገረንም። አጎቴ ሙሄ በኋላ እንዳጫወተኝ ነጋዴው እንዲህ ብሎታል፤ ስለ አንዲት የጀሶ ድብልብል ቃልህን አጠፍክ። ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ነፈገው። ዓመት ሙሉ የሱቃችን መደርደሪያ ጎድሎ ከረመ፤ የአቡጀዲው ቦታ ባዶ ሆኖ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይታይ ነበር። ደንበኛ ሲጠይቀው፣ ጊዜው ነው ይላል። የተናገሩት ከሚጠፋ የሚለውን ተረት ግን ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

አሥራ ሁለትን ጨረስኩ፤ ላቦራቶሪ ተማርኩ፤ ጋዋኑን ለበስኩ። ስንቱን ደም በማይክሮስኮፕ አየሁ፣ ለስንቷ ልጅ እናትሽ ትድናለች አልኩ፣ ለስንቷስ ማለት አቃተኝ። መምህር ጥላሁን ወደ ሌላ አገር ተዛወሩና ጠፉ፤ የሰማሁት ነገር የለም። የወንድሜ ልጅ አሁን ሕክምና ትማራለች፤ እጄን ልትጠይቀኝ መጥታ ይህን ሳጫውታት፣ ዛሬ ይህ ሁሉ በማሽን ይታያል አክስቴ አለችኝ። የቺምፓንዚ እህትማማቾች እጥፋት እርስ በርሱ ይመሳሰላል አሉ፤ የሰው ግን መጠኑን ከወላጅ ቢወርስም ጥቃቅን እጥፋቱ ከእህት እህት ይለያያል፤ ከተወለደም በኋላ ኑሮ እየቀረጸው ይሄዳል። ይህን አባቴ ቢሰማ ስንት ሻሽ በቆረጠ ነበር።

አባቴ የሞተው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ አላህ ይማረው። ሱቁን ስንዘጋ ዕቃውን የለየሁት እኔ ነኝ። ያቺ የቆርቆሮ ሳጥን ከባንኮኒው ሥር ነበረች። ከላይ ያለውን አቡጀዲ ሳወጣ ከሥሩ ሁለት ቁራጭ ሻሽ አገኘሁ፤ የጀሶው ዱቄት አሁንም እጥፋታቸው ውስጥ ነበር፤ ሽታቸውም። በየላያቸው ቁራጭ ወረቀት በዛገ ስፒል ተወግቷል። በትንሹ ላይ በዐጀም «የዝንጀሮ» ይላል። በትልቁ ላይ «የሰው» የሚል ጠብቄ ነበር። «የዘቢዳ። አይሸጥም» ይላል።

ዘቢዳ እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከፖፕሊኑ ኋላ እንዳለቀስኩት ሳይሆን ድምፄን አውጥቼ። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ አጥፌ ልመልሰው ሞከርኩ። እንደ እሱ ማጠፍ ግን አልቻልኩበትም፤ የሳጥኑ ክዳን አልገጠመም።